የማሽላ ጠባቂዋን ጥይት ከጦርነት ጥይት ለዩልን

ለጦር መሣሪያ ፈቃድና ምዝገባ ኃላፊዎች፣ ለግብርና መሥሪያ ቤቶች፣ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ እንዲሁም ለጎንደር ከተማና ለዙሪያው ሕዝብ

እንደምን ከረማችሁ። እኔ አዘዞ ላይ ብየዳ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ፣ አባቴ ደግሞ ላይ አርማጭሆ ገበሬ ናቸው፣ ከትክል ድንጋይ ወረድ ብሎ ማሽላና በቆሎ የሚበቅልበት ቆላ ቀመስ ቦታ ላይ። በዚህ ሰዓት ጥይት የሚል ቃል ጽፎ አደባባይ ማውጣት ራሱ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፣ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ማንም አይነግረኝም እዚሁ ነው የምኖረው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር፣ የምጽፈው ስለ ክላሽ ጥይት አይደለም፣ ስለ ሽጉጥ ጥይትም አይደለም። የምጽፈው ስለ አንዲት የአያቴ የአደን ጠመንጃና እሷ ስለምትጎርሳት ጥይት ነው፣ ይቺ ጥይት ስለጠፋች እናቴ ሌሊት ማማ ላይ እያደረች ትንሹ ወንድሜ ደግሞ ከትምህርት ቤት እየቀረ ስለሆነ ነው።

ጠመንጃዋን አያቴ ያገኟት ጣሊያን ሲወጣ ነው። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ መጨረሻ ላይ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ላይ አይደል፣ ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም፣ ከዛ በኋላ በየመንደሩ የቀረ ዕቃ ብዙ ነበር፣ ልብስ መስፊያ፣ ጀሪካን፣ የመኪና ጎማ፣ ከነሱ ጋር ለወፍና ለጥንቸል ማደኛ ያመጧቸው ጠመንጃዎችም ቀሩ። አያቴ በአንድ ወይፈን ነው የለወጧት እየተባለ ነው ያደግነው። ሁለት በርሜል ጎን ለጎን ያላት፣ ሰደፏ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ፣ አባቴ ሁለት አፍ ነው የሚሏት። ባለፈው ዓመት ቤት ሄጄ በርሜሏን ገልብጬ በናፍጣ ጨርቅ ስወለውለው ከሥሩ 16 የሚል ቁጥርና 65 የሚል ቁጥር ተመትቶበት አየሁ፣ ሙያዬ ብረት ስለሆነ ካሊፐሬን አውጥቼ አፏን ለካሁት፣ 16 ነጥብ 8 ሚሊ ሜትር። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ፣ አባቴ ለምን ዓመት ሙሉ ዞረው ጥይት እንዳጡ።

ይሄን ነገር ትንሽ ላብራራው ምክንያቱም ቢሮ ውስጥ ያሉ ሰዎች ራሳቸው አያውቁትም፣ እኔም አላውቅም ነበር። እንደ አያቴ ዓይነት ደቃቅ እርሳስ የሚበትን የአደን ጠመንጃ ቁጥር እንደ ክላሽ በሚሊ ሜትር አይደለም የሚጠራው። አንድ ፓውንድ እርሳስ ማለትም 453 ግራም ገደማ ወስደህ እኩል 12 ድቡልቡል ብታደርገው የአንዷ ድቡልቡል ወርድ የ12 ቁጥር በርሜል ወርድ ነው፣ 16 ቦታ ብትከፍለው ድቡልቡሏ ታንሳለች እሷ የ16 ቁጥር ናት፣ 20 ብትከፍለው ደግሞ የ20። ስለዚህ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር አፉ እየጠበበ ነው የሚሄደው፣ 12 ቁጥር 18 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ 20 ቁጥር 15 ነጥብ 6፣ 28 ቁጥር 14። 410 የምትባለዋ ብቻ ናት በዚህ ቆጠራ የማትገባው፣ እሷ በኢንች ሺህኛ ነው የተጠራችው፣ ቀጭን ናት 10 ሚሊ ሜትር ብቻ አለፍ ትላለች። ያ 65 የሚለው ደግሞ የጥይቷ ማደሪያ ርዝመት ነው። የብዙዎቹ የድሮ የአውሮፓ ጠመንጃዎች ማደሪያ 65 ሚሊ ሜትር ነበር፣ አሁን የሚመረተው አብዛኛው ጥይት ግን 70 ነው። መጥፎው ነገር 70ዋ 65ቱ ውስጥ መግባቷ ነው፣ አፏ ታጥፎ ስለተዘጋ አጭር ትመስላለች፣ ስትተኮስ ነው የምትዘረጋው፣ ያኔ ማደሪያው አልበቃት ብሎ መውጫውን ታጠበዋለች ግፊቱም ካሰቡት በላይ ይሆናል፣ በሰማንያ ዓመት በርሜል ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

እንግዲህ አባቴ የሚያስፈልጋቸው 16 ቁጥር፣ 65 ሚሊ ሜትር፣ ደቃቅ እርሳስ ያላት ጥይት ናት። ገበያ ላይ በድብቅም ይሁን በግልጽ ሰው የሚያውቀው ግን የክላሽ፣ የምንሽር፣ የሽጉጥ ጥይት ነው፣ የአደን ጠመንጃ ሲባል ደግሞ ካለም 12 ቁጥር ነው።

ለምን እንደሚፈልጓት ልንገራችሁ፣ የከተማ ሰው ይሄን ሲሰማ አንዳንዴ ለጉራ ይመስለዋል፣ በኛ አገር ጠመንጃ ክብር ነው የሚለው ነገር ስላለ። አዎ ክብር ነው፣ ለሠርግና ለለቅሶ ትከሻ ላይ ይወጣል፣ እሱን አልክድም። የአባቴ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፣ የአባቴ ጉዳይ ዝንጀሮ ነው። ከማሳችን በታች ገደል አለ፣ ገደሉ ውስጥ መንጋው ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል አንዱ ወጥቶ ቋጥኙ ላይ ይቀመጣል፣ ይመለከታል፣ ማማው ላይ ማን እንዳለ አይቶ ነው የሚወስነው። ሴት ወይም ልጅ ከሆነ ይመጣሉ። ወንድ ዱላ ይዞ ከሆነ በሌላ በኩል ይዞራሉ። አባቴ ያቺን ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አድርገው ከወጡ ግን አውራው ያንን አይቶ ድምፅ ያሰማና መንጋው ወደ ገደሉ ይመለሳል፣ ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ጠመንጃና ዱላ ይለያሉ። ነገር ግን አንድ ወቅት ሙሉ ሳትጮህ ከከረመች እሱንም ያውቁታል። አባቴ በዓመት ቢበዛ አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው የሚተኩሱት፣ እሱንም ወደ ሰማይ፣ አንድ ጊዜ ስትጮህ ሁለት ሦስት ሳምንት ሰላም ይሆናል። በዚህ ሁሉ ዓመት ዝንጀሮ ሲገድሉ አላየሁም። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ጃርት አለ ከርከሮ አለ፣ ከርከሮ በአንድ ሌሊት የበቆሎ መደብ ገልብጦ ሲያድር ጠዋት ያያችሁት ትመስክሩ፣ ያረሰው ነው የሚመስለው።

በዚህ ዓመት ጠመንጃዋ አልጮኸችም ማለት ይቻላል። በቆሎው እሸት ከያዘበት ከመስከረም ጀምሮ ማሽላው እስኪታጨድ እስከ ኅዳር መጨረሻ እናቴ፣ አባቴና ወንድሜ በፈረቃ ነበሩ። ወንድሜ ሰባተኛ ክፍል ነው። ቀን ቀን ማማው የሱ ነው ምክንያቱም አባቴ እርሻና አጨዳ አለባቸው እናቴ ሌሊቱን ስላደረች ትተኛለች። ጥቅምት ላይ ደብተሩን አየሁት፣ የሒሳቡ ደብተር መስከረም ላይ ሦስት ገጽ ተጽፎበት ከዛ ባዶ ነው። ወንጭፍ አለው፣ ጅራፍ አለው፣ ከሩቅ ስትሰሙት ጅራፉ እንደ ጥይት ነው የሚጮኸው፣ ዝንጀሮዎቹ ግን ለመዱት፣ ልጅ መሆኑን ያያሉ። አንድ ቀን አውራው አሥር ሜትር እስኪቀረው ቀርቦት ጥርሱን አሳይቶታል፣ ልጁ ከዛ በኋላ ለብቻው ማማ ላይ መውጣት ይፈራል፣ ግን ይወጣል።

ጥይቶቹን ላሳያችሁ ብችል ደስ ባለኝ። አባቴ በኒዶ ጣሳ ውስጥ ነው የሚያስቀምጧቸው፣ በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልለው፣ ጣሳው ደግሞ ከጭሱ ራቅ ብሎ ቆጥ ላይ። ስድስት ናቸው። ሁለቱ ፕላስቲክ ናቸው አራቱ ግን የድሮ የወረቀት ቀለህ ያላቸው፣ ቀለማቸው ለቆ ቡናማ የሆነ፣ ከታች ነሐሳቸው አረንጓዴ ያወጣ። ክረምት ሲወጣ አባቴ አንድ በአንድ አውጥተው በጨርቅ ይወለውሏቸውና ባዶ ጠመንጃ ሰብረው ማደሪያው ውስጥ ይገቡ እንደሆነ ይሞክራሉ፣ ወረቀት እርጥበት ከጠጣ ያብጣል። ዘንድሮ አንዷ ግማሽ ድረስ ገብታ እምቢ አለች። አባቴ አልገፏትም። ቀስ ብለው መልሰው አወጧት፣ ለብቻዋ በሌላ ጨርቅ ጠቀለሏትና "ይቺስ በቃት" አሉ። ስለዚህ አምስት ናቸው ማለት ነው፣ ከአምስቱም ስንቷ እንደምትፈነዳ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ፍለጋውን ልንገራችሁ። እኔ ሱቅ ለሱቅ አልዞርኩም፣ የሚሸጥበት ሕጋዊ ሱቅ የት እንዳለ የሚነግረኝ ስላጣሁ ነው። የሰው ሰው ጠየቅን። አንዱ አለኝ ብሎ ለአንዷ ፍሬ የአንድ ዶሮ ዋጋ ጠራ፣ አሥር ፍሬ ማለት እንግዲህ አሥር ዶሮ ነው፣ አምጣና ልያት ስለው 12 ቁጥር ሆና ተገኘች፣ ቀይዋ። ሌላው ቢጫ ይዞ መጣ፣ ቢጫዋ 20 ቁጥር ናት፣ ፋብሪካዎቹ 20 ቁጥርን ቢጫ የሚያደርጉት እኮ ያለ ምክንያት አይደለም፣ 20 ቁጥር 12 ቁጥር በርሜል ውስጥ ከገባች ተንሸራታ ወደ ፊት ሄዳ ትቀረቀራለች፣ ሰውየው ባዶ መስሎት ከኋላዋ 12 ሲጨምርና ሲተኩስ በርሜሉ እጁ ላይ ይፈነዳል፣ ለዛ ነው ገና ከሩቁ በቀለሟ እንድትለይ የተደረገው። ይሄ ግን ካልተነገረው ገበሬ ጋር የሚደርስ እውቀት አይደለም። ያ ቢጫዋን ያመጣው ሰው ለአባቴ ምን እንዳላቸው ታውቃላችሁ፣ "ሰፋ ካለቦት ፕላስተር ይጠቅልሉባትና ልክ ትሆናለች"። አባቴ አመስግነው መለሱለት።

ጎረቤታችን ግን አልመለሱም። እሳቸውም እንደኛው ዓይነት አሮጌ 16 ነበራቸው። ቢጫዋን በቁስል ፕላስተር ሦስት ዙር ጠቅልለው አጎረሷት፣ ከርከሮ ሲመጣ ተኮሱ። ቀለሁ ከጎኑ ተሰንጥቆ እሳቱ ወደ ኋላ ነው የወጣው፣ የቀኝ ጉንጫቸውን ጠበሰው፣ አውራ ጣታቸው ዛሬም አይታጠፍም። ዓይናቸው የተረፈው ጥላ ውስጥ ስለነበሩና ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ስለነበር ነው ይላሉ። ጠመንጃዋን አዘዞ አምጥተውልኝ ትበየድ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ መዝጊያዋ ተላቋል፣ በርሜሏ ከማደሪያው ጋ ተንፍቷል፣ በጣቴ ስዳብሰው ጉብታው ይታወቃል። አልበይድም አልኳቸው። በርሜል አይበየድም አባባ፣ በዚህ እንዳይተኩሱ ብዬ ለምኜ ነው የሸኘኋቸው። ይሄን እዚህ የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይሞክረው ነው፣ እባካችሁ ልክ ያልሆነች ጥይት በምንም ነገር ጠቅልላችሁ አታጉርሱ፣ ቀለህም ቤት ውስጥ በባሩድ አትሙሉ፣ የድሮ ሰዎች ያደርጉት ነበር ይባላል፣ ስንቱ እጁን እንዳጣበት ግን አብሮ አይነገርም።

ችግሩ የኛ አገር ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ሚኒሶታ ያለ የአጎቴ ልጅ አለ፣ እስቲ እዛ አገር ይሄ ነገር ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩት፣ ከዛ ላምጣልህ ወይ ሲለኝ እንዳትሞክረው አልኩት፣ በሻንጣ ጥይት ይዞ መግባት ራስን ማሳሰር ነው፣ ዋጋውን ብቻ ነው የጠየቅኩት። ሱቅ ሄዶ ፎቶ ላከልኝ። 12 ቁጥር እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ 20 አንድ መደርደሪያ፣ 28 እና 410 ጥቂት ካርቶን ዋጋቸው ከ12 በላይ፣ 16 ደግሞ የለም፣ የአደን ወቅት ሲደርስ ተመለስ አሉት። እኔ ትንሿ ጥይት ርካሽ ትመስለኝ ነበር፣ 12 ቁጥር 32 ግራም ገደማ እርሳስ ስትይዝ 28 ቁጥር 21 ግራም፣ 410 ደግሞ 14 ግራም ነው የምትይዘው፣ እንዴት ያነሰው ይወደዳል። ነገሩ ግን የማሽን ጉዳይ ነው፣ ብየዳ ቤትም ያው ነው፣ መቶ አንድ ዓይነት በር ስሠራና ልኩ ልዩ የሆነ አንድ መስኮት ስሠራ ዋጋው አንድ አይሆንም። ፋብሪካው ማሽኑን ከ12 ወደ 16 ለመቀየር ማቆም አለበት፣ ገዢው ደግሞ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ትንንሾቹን ቁጥሮች በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ነው የሚያመርታቸው፣ ያቺ ካለቀች እስከሚቀጥለው ዙር ጠብቅ ነው።

ይሄ በደህናው ጊዜ ነው። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተደራረበ። ኮሮና ሲመጣ አሜሪካ ውስጥ ሰው ጥይት ሊገዛ ተሻማ፣ ፋብሪካዎቹ ያላቸውን ሰውና ማሽን በብዛት ወደሚሸጠው ወደ ሽጉጥ ጥይትና ወደ 12 ቁጥር አዞሩት፣ ከ200 ዓመት በላይ የቆየው የአሜሪካው የጠመንጃና የጥይት ፋብሪካ ሬሚንግተን ራሱ በዛው ክረምት ኪሳራ አውጆ ተከፋፍሎ ተሸጠ። ትንሹ ቁጥር ከመስመሩ መጀመሪያ የሚወጣ መጨረሻ የሚመለስ ሆነ። ከዛ የካቲት 2014 የዩክሬን ጦርነት መጣ። የዛሬ ባሩድ ከጥጥ ጭረት ነው የሚሠራው፣ ናይትሮ ሴሉሎስ ይባላል፣ የአባቴ ጥይት ሁለት ግራም የማይሞላ ባሩድ ነው የምትፈልገው፣ አንድ የመድፍ ተኩስ ግን ኪሎዎች ይበላል፣ ስለዚህ ባሩዱ ወደ መድፉ ሄደ የቀረው ተወደደ። በኛ በኩል ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ነገር ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፣ ከውጭ የሚገባ ነገር ተወደደ። ይሄን ሁሉ ደምራችሁ አንድ የአርማጭሆ ገበሬ ጋ ስታደርሱት አንዷ ፍሬ አንድ ዶሮ ብትባል ይገባኛል፣ የማይገባኝ በዶሮውም ትክክለኛዋን ማግኘት አለመቻሉ ነው።

አሁን ወደ ቢሮው ልምጣ። በ2012 ዓ.ም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ሲወጣ አባቴ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበሩ። ብዙ ሰው ሊቀሙን ነው ብሎ ሲፈራ እሳቸው ከተመዘገበች ጥይቷም በሕግ ትገኛለች አሉ። ልክም ናቸው፣ አዋጁ ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም መያዝና መነገድ ይከለክላል፣ ከከለከለ ደግሞ ፈቃድ ላለው ሰው መንገድ ሊኖር ይገባል። አብሬያቸው ሄድኩ። የሄድንበት ቢሮ ውስጥ የነበረው ልጅ ጠመንጃዋን አገላብጦ አይቶ ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ "አሮጌ" ብሎ ጻፈ። 16 ነው፣ እዚህ ተጽፏል፣ 65 ነው አልኩት፣ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም አለኝ። ጥይቱንስ ከየት እንግዛ ስንለው ወደ ሌላ ቢሮ ላከን፣ ሌላው ይሄ የጸጥታ ጉዳይ ነው አለ፣ ስለ አውሬው ከሆነ ግብርና ሂዱ ተባልን፣ እዛ ደግሞ ጥይት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። እኔ ልጆቹን አልቀየምኩም፣ በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ስሙን ጥይት ካለበት ወረቀት ሥር ማስፈር አይፈልግም። አባቴ ግን ሰባ ዓመታቸው ነው፣ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምሳ ሳይበሉ ቆመው ዋሉ፣ ወደ አዘዞ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ምንም አልተናገሩም።

የምጠይቀው እንግዲህ ይሄን ነው። አንደኛ መዝገቡ ላይ የአደን ጠመንጃ ለብቻው ይሁን፣ ቁጥሩና የማደሪያው ርዝመት ይጻፍ፣ ሁለት ቁጥር መጻፍ ነው እኮ፣ እሱ ከተጻፈ በዞናችን ስንት 16፣ ስንት 20፣ ስንት 28 እንዳለ ይታወቃል፣ ዛሬ ማንም አያውቀውም። ከታወቀ በኋላ ነው ዋናው ነገር፣ በዓመት አንድ ጊዜ በአንድ ላይ ይታዘዝ። አንድ ገበሬ አሥር ፍሬ ብሎ ማንም አይሸጥለትም፣ ግን መዝገቡ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ በመንግሥት በኩል ወይም በኅብረት ሥራ ዩኒየን ስም ቢጠየቅ ካርቶን ነው፣ ፋብሪካም በዓመት አንዴ የሚያመርተውን ነገር በዓመት አንዴ ማዘዝ ነው የሚያዋጣው። አገር ውስጥ ሊሠራ ይችል እንደሆነም ይታይ፣ አምቦ አካባቢ ያለው የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ ለጦር ሠራዊት ከሚሠራው ጎን ለገበሬ የሚሆን ጥቂት ነገር ማውጣት ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አካል ይኑር፣ እኔ ብጠይቅ ማን ይመልስልኛል።

ቁጥጥሩ ላይ የምትፈሩትን አውቃለሁ፣ እኔም እፈራለሁ። ደቃቅ እርሳስ ነው ብዬ አላሳንሰውም፣ በቅርብ ሰው ላይ ከተተኮሰ ይገድላል። ስለዚህ በቀለህ ይሁን። ገበሬው አምስት ይወስዳል፣ ሲተኩስ ባዶ ቀለሁን ያስቀምጣል፣ አምስት ባዶ ሲያመጣ አምስት ሙሉ ይወስዳል፣ ባዶውን ካላመጣ የለም። ቀለሁ ላይ ከታች ቁጥሩ የተጻፈ ስለሆነ ማጭበርበር ከባድ ነው፣ ቀበሌ ላይ የሚቆጥረው ሰው ፊደል ከቆጠረ ይበቃዋል። እንዲህ ሆኖ የሚሸጥ ጥይት በጨለማ ከሚሸጠው መቶ እጥፍ ይሻላል፣ ዛሬ እኮ ትክክለኛው መንገድ ስለተዘጋ ነው ያ ቢጫ ጥይት ከፕላስተር ጋር የሚሸጠው። ደግሞ የሚጎርሰው ጠመንጃ ያላቸው ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው፣ 16 ቁጥር ጥይት ክላሽ ውስጥ አይገባም።

ስለ ደምቢያና ስለ ጣና ዳር ሰው ላንሳ፣ እነሱም በዱር ዝይ ነው የሚማረሩት። እዛ ግን በእርሳስ ጥይት አይሁን፣ ይሄን እኔው ራሴ እጨምራለሁ። የረገፈውን እርሳስ ወፎች ከጠጠር ጋር ለቅመው ይውጡትና ይመረዛሉ፣ አውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም ረግረግ ቦታ ላይ የእርሳስ ጥይት የከለከለው ለዚህ ነው፣ ጣና ደግሞ በ2007 ዓ.ም ዩኔስኮ በባዮስፌር የመዘገበው ሐይቅ ነው፣ ውኃውን እኛው ነን የምንጠጣው ዓሣውን እኛው ነን የምንበላው። በእርሳስ ፋንታ የብረት ጠጠር ያላት ጥይት አለች ግን ለአሮጌ በርሜል አትሆንም ትፍቀዋለች፣ ስለዚህ ለጣና ዳር ሌላ መላ ይፈለግ። ሰሜን ተራሮች በኩል፣ ደባርቅና ጃናሞራ ላሉትም እንደዛው፣ እነሱ ገብሳቸውን የሚበላው ጭላዳ ነው፣ ጭላዳና ዋልያ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ ፓርኩ ዳር ላይ ማንም ጠመንጃ ያጩህ አልልም። አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን እንዴት እንደሚጠብቅ አውቃለሁ አከብረዋለሁም፣ አባቴም ለመግደል ፈቃድ አልጠየቁም ለማስጮህ ነው የጠየቁት። ለነዛ ሰዎች ግን የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የሚላቸው ነገር መኖር አለበት፣ እንስሳው የአገር ሀብት ከሆነ የሚበላውም ገብስ ከአንድ ሰው ጎተራ ብቻ መቀነስ የለበትም።

ጥይቱ በፍጹም አይቻልም ከተባለስ፣ በዚህ ሁኔታ አሁን አይሆንም ልትሉን ትችላላችሁ፣ እሱንም ልቀበል ዝግጁ ነኝ። ግን አይሆንም በጽሑፍ ይሁን፣ አባቴ እንደገና ከቢሮ ቢሮ እንዳይቆሙ። አይሆንም ካላችሁ ደግሞ ከሱ ጋር ሌላ ነገር ይምጣ፣ ለምሳሌ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ እርሳስ የሌለው ጥይት ለአባቴ ይበቃቸዋል፣ አምስቱንም ወደ ሰማይ አይደል የሚተኩሱት። ወይ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚቀጠር የሰብል ጠባቂ በየጎጡ ይኑር፣ ደሞዙን እኛም እናዋጣለን፣ እኔ ከብየዳ ቤቴ ለማዋጣት ዛሬ ዝግጁ ነኝ። የወንድሜ ትምህርት ቤት መምህራንም በነዚህ ሦስት ወሮች የሚቀሩትን ልጆች ስማቸውን ብቻ ጠርታችሁ ቀሪ አትበሏቸው፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት የሚካክሱበት ነገር ቢኖር፣ ማማ ላይ የሚውለው የሱ ክፍል ልጅ ወንድሜ ብቻ አይደለም።

ጎንደር ከተማ ያላችሁ ዘመዶቻችንም፣ ቤታችሁ ውስጥ ከአያት የቀረ እንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ወይም ጥይት ካለ አታጩሁት፣ ለማንም አትሽጡት፣ ከበርሜሉ ሥር ያለውን ቁጥር አንብቡና ወስዳችሁ አስመዝግቡ። በየቤቱ ያለው ቁጥሩ ተጽፎ ካልታወቀ ማንም ስለኛ ብሎ ጥይት አያዝም። ቁጥሩን ማንበብ ያቃተው አዘዞ ብየዳ ቤቴ ወረቀት የበርሜሉ ቁጥር ላይ አድርጎ በመጻፊያ እርሳስ ይፈግፍግና የወጣውን ቅጂ ያምጣልኝ፣ ጠመንጃውን ይዞ ከተማ ውስጥ መዞር አያስፈልግም፣ በነፃ አነብለታለሁ።

አሁን ነሐሴ ነው። በቆሎው ወገብ አልፏል፣ መስከረም ሲጠባ እሸት ይይዛል። የኒዶ ጣሳው ውስጥ አምስት አሉ። ባለፈው እሑድ ስደውል ወንድሜ ስምንተኛ ክፍል ሊመዘገብ እንደሆነና የማማውን መወጣጫ ደግሞ አባቴ በአዲስ እንጨት እያደሱት እንደሆነ ነገረኝ።

ከአክብሮት ጋር
ከአዘዞ፣ ጎንደር